የቆዩ የዒላማ ፍላጻዎችን ስለ መለየትና ስለ መጠገን

ሱሉልታ የሚኖሩት ጠያቂያችን ከአጎታቸው የደረሳቸውን አንድ ሣጥን የቆዩ የዒላማ ፍላጻዎች ላባቸውን ቀይረው ማስፈንጠር ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል፤ ከፊሎቹ ባለቀለም ቀለበት የተቀቡ የእንጨት፣ ከፊሎቹ ደግሞ ኢስተን (የአሜሪካ ፍላጻ አምራች ስም ነው) እና 1816 የሚል ጽሑፍ ያለባቸው የአሉሚኒየም መሆናቸውንም ገልጸዋል። ለገጣፎ በሚገኘው ቤቴ እንዲህ ያሉ ፍላጻዎችን ለረጅም ጊዜ ስለጠገንሁ፣ በጥቅሉ ይቻላል ብዬ እመልሳለሁ፤ ሥራው ግን ከላባው ሳይሆን ከዘንጉ መጀመር አለበት። ላባ በማንኛውም ቀን ይተካል፤ በውስጡ የተሰነጠቀ ዘንግ ግን አውታሩ በሚለቀቅበት ቅጽበት ተሰብሮ ቀስት የያዘውን እጅ ሊወጋ ይችላል።

የአሉሚኒየሞቹ ጉዳይ አጭር ስለሆነ እሱን ላስቀድም። 1816 የምርት ተራ ቁጥር አይደለም፤ የፊተኞቹ ሁለት አኃዞች የዘንጉ ውፍረት 18/64 ኢንች፣ ማለትም 7.1 ሚሊ ሜትር ያህል መሆኑን፣ የኋለኞቹ ደግሞ የቱቦው ግድግዳ 0.016 ኢንች፣ ማለትም 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል መሆኑን ያመለክታሉ። ይህን ያህል ስስ ግድግዳ ያለው ቱቦ አንዴ ከተጨረመተ ወይም ከታጠፈ ጥገና አይመለከተውም። የቀሩትን በመስታወት ላይ እያንከባለሉ ቀጥነታቸውን ይዩ። ዘንጉን በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በተመጠነ ሙቀት ስለሆነ ከመጠን ያለፈ ግለት ያለሰልሰዋል። በእኛ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚፈላ፣ በሙጫ የተያያዘውን የፍላጻውን የብረት ጫፍ በፈላ ውሃ ነክሮ በፒንሳ ስቦ ለማውጣት መሞከር ለዘንጉ አያሰጋም። የቀረውን ሙጫ በአሴቶን ሲያጸዱ የፋብሪካውን ጽሑፍ እንዳይነኩ ይጠንቀቁ፤ ጽሑፉ ሊለቅ ይችላል።

የእንጨቶቹ ነገር ሰፋ ያለ ነው። ዘንጉ ሲፋቅ ዝንጅብል የመሰለ ሹል ሽታ ካለው፣ በአሜሪካ ኦሪገን ጠረፍ የሚበቅለው ፖርት ኦርፎርድ ሴዳር የሚባለው እንጨት ሊሆን ይችላል፤ ለዒላማ ፍላጻ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሲመረጥ የኖረ ቀላልና ቀጥ ያለ እንጨት ነው። ከፊት በኩል በሹል ማያያዣ የተሰካ ጠንካራና ጠቆር ያለ ሌላ እንጨት ካዩ ደግሞ ብዙ ልፋት የወጣበት የእጅ ሥራ ስለሆነ፣ እኔ ብሆን ለተኩስ አላውለውም። የተቀሩትን ጓንትና መነጽር አድርገው፣ ሁለቱን ጫፎች ይዘው ከፊትዎ አርቀው በቀስታ ያጉብጡ፤ እያዞሩ በየአቅጣጫው ይድገሙት። የመሰንጠቅ ድምፅ የሚያሰማ ወይም የእንጨቱ የቃጫ መስመር በአጭር ርቀት ወደ ጎን የሚወጣበት ዘንግ ከዚያ በኋላ ለማሳያ ብቻ ይቀመጥ። በኋለኛው ጫፍ አውታሩ የሚገባበት ስንጥቅ የእንጨቱን የዕድገት መስመሮች አቋርጦ መቆረጡንም ይመልከቱ፤ ከመስመሮቹ ጋር ትይዩ ከሆነ አውታሩ በእያንዳንዱ ተኩስ ዘንጉን ለመሰንጠቅ ይገፋል።

ቀጥሎ ሳይለኩ ማለፍ የሌለብዎት የዘንጉ ግትርነት ነው። ፍላጻ ከቀስቱ ሲወጣ በቀስቱ ጎን ጎብጦ ስለሚያልፍ፣ ከቀስትዎ ጉልበት ጋር የማይመጣጠን ዘንግ የቱንም ያህል ቀጥ ቢል ወደ ጎን ይስታል። በመደበኛው ዘዴ ዘንጉን 26 ኢንች፣ ማለትም 66 ሴንቲ ሜትር በሚራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ አጋድመው፣ መሐሉ ላይ 2 ፓውንድ፣ ማለትም 907 ግራም ክብደት ያንጠለጥሉና ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ ይለካሉ። 660ን ለወረደበት መጠን ሲያካፍሉ የግትርነቱ ቁጥር ይወጣል፤ 16.5 ሚሊ ሜትር የወረደ ዘንግ 40 ፓውንድ አካባቢ ለሚሳብ ቀስት ይስማማል ማለት ነው። ይህን በቤት ውስጥ በማስመሪያና በተመዘነ የአሸዋ ከረጢት መሥራት ይቻላል። ቁጥራቸው የተቀራረቡትን አንድ ላይ ይሰብስቡ፤ የቀለም ቀለበታቸው አንድ መሆኑ ብቻ አይበቃም።

የጎበጠውን እንጨት በሻይ ብራድ እንፋሎት ላይ ካለዘቡ በኋላ በመዳፍ እየጫኑ ያቃኑታል። ይህን ሥራ በክረምት እንዳይጀምሩት አጥብቄ እመክራለሁ፤ የሱሉልታ ብርድና እርጥበት በነሐሴ የተቃናውን ዘንግ በጥቅምት መልሶ ሊያጣምመው ይችላል። በባለ ቆርቆሮ ቤት ኮርኒስ ሥር ማስቀመጥም ለእንጨቱ ለሙጫውም አይበጅም።

የቀለም ቀለበቶቹን በብርጭቆ ወረቀት አይንኩ። የአንድ ባለቤት ፍላጻዎች ከሌላው ተለይተው የሚታወቁት በእነሱ ስለሆነ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ በደንብ ከደረቁ በኋላ ስስ ቫርኒሽ ማልበስ ይበቃል። የተጣመመ ግን ብል ያልበላው ላባ በእንፋሎት ለጥቂት ሰኮንዶች ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ ይነሣል፤ ስለዚህ ሁሉን መንቀል አያስፈልግም። መተካት ካለብዎት የዝይ ወይም የተርኪ ላባ ይጠቀሙ፤ ሦስቱም ላባዎች ከአንድ ወገን ክንፍ፣ ወይ ከግራ ወይ ከቀኝ፣ መሆን አለባቸው፤ ቢቀላቀሉ ኩርባቸው የተለያየ ስለሚሆን የፍላጻውን ሽክርክሪት ያዛባሉ።

የቀስትዎን የመሳብ ጉልበት፣ ከላይ የገለጽሁትን ልኬትና የየዘንጉን የኋላ ጫፍ በቅርብ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ከላኩልን፣ ለተኩስ የሚመቹትን እዚሁ አብረን መለየት እንችላለን።