ደሞዙ እዚህ፣ የጎን ሥራው እዚያ

በሥራ ፈቃድ ሰው አገር የምትኖሩ አንባቢዎች ሰሞኑን ስለ ጎን ገቢ ብዙ ጠይቃችሁኛል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ማታ ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ ሌላ አገር ላለ ድርጅት ዲዛይን እሠራለሁ። ክፍያውም የሚገባው ሌላ አገር ባለኝ ሒሳብ ነው። ያስጠይቀኛል?

ሊያስጠይቅህ ይችላል። አንተ የምታየው ገንዘቡ የት እንደገባ ነው። ኢሚግሬሽን ግን ብዙ ጊዜ የሚያየው ሥራውን ስትሠራ የት እንደተቀመጥክ ነው። ደንቡ ደግሞ ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ ኤች ዋን ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ያለ ሰው መሥራት የሚችለው ላመለከተለት ቀጣሪ ብቻ ነው። ሁለተኛ ቀጣሪ ካለ እሱም የራሱን ማመልከቻ ማስገባት አለበት። እንግሊዝ በስኪልድ ወርከር (የሰለጠነ ሠራተኛ) ቪዛ ላለ ሰው፣ ከዋናው ሥራ ሰዓት ውጭ፣ በተፈቀዱ ሙያዎች በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ትፈቅዳለች። ካናዳ ላላ ትላለች። ቀጣሪውም ክፍያውም ከካናዳ ውጭ ከሆነ፣ በኢንተርኔት የሚሠራውን በኢሚግሬሽን ሕጓ እንደ ሥራ አትቆጥረውም። ስለዚህ "ጓደኛዬ ይሠራል፣ ምንም አልሆነም" የሚለውን ተወው። ጓደኛህ ያለበት አገርና የያዘው ፈቃድ ካንተ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል።

የቅጥር ውልህንም አውጥተህ እየው። ሌላ ሥራ የሚከለክል አንቀጽ ሊኖረው ይችላል። (ብዙዎቻችን ውል የምናነበው ከሥራ ስንሰናበት ነው።)

አለቃዬ "ሥራህን አይንካ እንጂ ችግር የለም" ብሎኛል። አይበቃም?

አይበቃም። አለቃህ መፍቀድ የሚችለው በእሱ በኩል ያለውን ነው። የሥራ ፈቃዱን የሰጠህ መንግሥት ነው።

የማከራየው ቤትና ጥቂት አክሲዮን አለኝ፣ ሁለቱም ሌላ አገር ናቸው። ይህም ሥራ ነው?

ኪራይ መሰብሰብና የአክሲዮን ትርፍ መቀበል በአብዛኛው እንደ ሥራ ስለማይታይ ፈቃድሽን አይነካም። ግብሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ አገሮች በዓመት 183 ቀን ያህል የኖረን ሰው የግብር ነዋሪ ያደርጉታል፣ ማለትም ለግብር ሲባል እንደ አገሩ ነዋሪ ይቆጥሩታል። ያኔ የትም አገር ያገኘሽውን ገቢ እንድታሳውቂ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። እዚያ ግብር ከፍለሽ ከሆነ ደረሰኙን አትጣይ። ብዙ ጊዜ የከፈልሽው ይታሰብልሻል፣ ማስረጃ ካለሽ። አሜሪካ ለሚኖሩ አንድ ልጨምር፦ ከአገር ውጭ ያሉ ሒሳቦችሽ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከ10,000 ዶላር ካለፉ ሪፖርት ማድረግ አለብሽ። ግብር ባይኖርበትም።

አሜሪካን በእግሬ ረግጬ አላውቅም። ዩቲዩብ ግን የአሜሪካ ግብር ቆረጠብኝ!

የተቆረጠው አሜሪካ ካሉ ተመልካቾች ካገኘሽው ገቢ ላይ ነው። ዩቲዩብ የሚጠይቀውን የግብር ቅጽ ካልሞላሽ ግን ከጠቅላላ ገቢሽ እስከ 24 በመቶ ሊሄድ ይችላል። ከሞላሽ ቆረጣው የአሜሪካውን ድርሻ ብቻ ይነካል፣ ጣሪያውም 30 በመቶ ነው። የምትኖሪበት አገር ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ካለው ደግሞ ይቀንሳል። እዚህ ላይ የሚታየው ፓስፖርትሽ ሳይሆን የግብር ነዋሪ የሆንሽበት አገር ነው። ሰው ቅጹ ላይ የሚሳሳተውም እዚሁ ጋ ነው።

ያለሁት ኤምሬትስ ነው። የገቢ ግብር የለም፣ እንግዲህ ነፃ ነኝ አይደል?

ከደሞዝ ግብር፣ አዎ። ሁለተኛ ሥራ ግን ያለ ፈቃድ አይሠራም። ለትርፍ ጊዜ ሥራ የሚሆን ፈቃድ ከሠራተኛ ሚኒስቴሩ ይወጣል። መጀመሪያ እሱን አውጣ።