የአማርኛው ገጽ ለምን አይዘመርም?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ3 ዓመቱ ልጄ መኪና ካየ ሌላውን ሁሉ ይረሳል። ስለዚህ ስለ ተሽከርካሪዎች እየተዘመረ የሚነበብ፣ በግራው ገጽ እንግሊዝኛ በቀኙ አማርኛ የሰፈረበት የሥዕል መጽሐፍ ገዛሁለት። እንግሊዝኛውን አብሮኝ ይዘምራል፤ አማርኛው ላይ ስደርስ ግን ቃላቱ ከዜማው እየተረፉ ያደናቅፉኛል፣ እሱም ገጹን ይገለብጥብኛል። ችግሩ የእኔ ነው ወይስ የመጽሐፉ? ዜማውን ትቼ ዝም ብዬ ባነብለትስ?

መልስ፦ ችግሩ የእርስዎ አይደለም፤ ግጥሙ ሲተረጎም ሐሳቡ ተጠብቆ ልኬቱ ስለተረሳ ነው። በእንግሊዝኛ በአንድ ቀለም (ቀለም የምለው በአፍ አንዴ የሚወጣውን የድምፅ ክፍል እንጂ የፊደሉን ቁጥር አይደለም) የሚያልቀው የተሽከርካሪ ስም በአማርኛ «ጭነት መኪና» ሲባል 5 ቀለም ይፈጃል («ትራክ» ብለው ካልተገላገሉት በቀር)፤ «የእሳት አደጋ መኪና»ማ ከዜማው ጨርሶ ይወጣል። በዚያ ላይ የአማርኛ ግሥ የሚያርፈው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሆነ፣ ዜማው ከፍ በሚልበት ቦታ የሚገኘው ቃል ሌላ ይሆናል።

ስለዚህ ያንን ዜማ ለእንግሊዝኛው ገጽ ይተዉለትና ለአማርኛው የራሱን ምት ይስጡት። ለሕፃን አፍ የሚቀለው፣ ሁላችንም በልጅነታችን የጨፈርንበት፣ በ4 ቀለም የሚረግጠው የ«ቡሄ በሉ» ምት ይመስለኛል። ሥዕሉን እያሳዩና እያጨበጨቡ «ባቡር መጣ፣ ሰው አመጣ»፣ «ሰው ወረደ፣ ታክሲው ሄደ» ብለው ይሞክሩት። ቅድም ያስቸገረን የግሡ ቦታ እዚህ ይጠቅማል፤ ቤት የሚመታው እሱ ነውና ስንኙ ብዙ ሳይለፉበት ይገጥማል። የታተመውን መለወጥ ድፍረት አይምሰልዎ፤ ልጁ ገና ፊደል አልቆጠረም።

መጽሐፉ ውስጥ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ካለ ደግሞ፣ የአዲስ አበባ ተሳፋሪ መውረድ ሲፈልግ ለረዳቱ የሚጣራውን «ወራጅ አለ!» ያስተምሩት። እሱም 4 ቀለም ነው፤ ገጹ ሊገለበጥ ሲል ልጁ እንዲጮኸው ቢተዉት ያ ያስመረረዎት ችኮላ ራሱ የጨዋታው ክፍል ይሆናል። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማይለይ፣ «አለ» ሲጠብቅ የመኖር፣ ሲላላ የመናገር መሆኑን ልጅዎ የሚለየው ከገጹ ሳይሆን ከእርስዎ አፍ ነው።

ዝም ብሎ ማንበቡም ክፋት የለውም። የማልመክረው እያንዳንዱን ገጽ በእንግሊዝኛ ዘምሮ ወዲያው በአማርኛ መድገምን ነው፤ ልጁ ነገሩን አስቀድሞ ስለሰማው አማርኛው ትርፍ ይሆንበታል። አንዱን ምሽት ለአማርኛው ብቻ፣ ሌላውን ለእንግሊዝኛው ብቻ ቢያደርጉት ይሻላል። ጠዋት ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስ በመስኮት ሲያልፍ «ወራጅ አለ!» ብሎ ከጮኸም አይከልክሉት።