የእናታችሁን የክርስትና ስም ታውቃላችሁ?

አሜሪካ ከመጣሁ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ብዙ መርዶ አርድቻለሁ። ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበን የአንዱን ወንድማችንን በር እናንኳኳለን፤ ከፍቶ ፊታችንን ሲያይ ሳንነግረው ይገባዋል። ከለቅሶውና ከቲኬት ፍለጋው መሐል ከአገር ቤት ይደወላል። "የእናታችሁን የሕይወት ታሪክ ቶሎ ላኩልን፤ ቀብሩ ላይ ይነበባል።" ያን ጊዜ ቤቱ ዝም ይላል። ስንት ቤት እንዲህ ዝም ሲል አይቻለሁ። የእኔም ቤት ዝም ብሏል። እናንተም እንደ እኔ ከአገር ርቃችሁ የምትኖሩ፣ ይህ እንዳይደርስባችሁ አራት ነገር ልንገራችሁ።

1. ሰነድ። ዜግነት የቀየራችሁ፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርዱን፣ በጊዜ አውጡ፤ ያለ ቪዛ ያስገባችኋል። ቪዛ የሚጠብቅ ሰው ቀብር አይደርስም።

2. ገንዘብ። ለአርባዋ በሬ የሚጥል፣ ለሙት ዓመቷ የእብነ በረድ ሐውልት የሚያቆም ልጅ ሞልቷል። እኔም አቁሜያለሁ፤ ፎቶግራፍ ያለበት፣ በብረት አጥር የታጠረ። ሐውልቱን ላሠራ ስሄድ ነው የቤቷ ጣሪያ ሁለት ክረምት ሙሉ ሲያፈስ እንደነበረና ማታ ማታ ከአልጋዋ አጠገብ ሳፋ ታስቀምጥ እንደነበር የሰማሁት። በየወሩ እልክ ነበር። የምልከውን ለእድሯ፣ ለማርያም ማኅበሯ፣ ለጎረቤት ልጆች ደብተር ታውለው ነበር። ቆርቆሮው እንዴት ነው ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩም። በሐውልቱ ዋጋ ቤቱ ሁለት ጊዜ ይከደን ነበር።

3. ጥያቄ። እናቴ የደብረ ሲና ሴት ነበረች። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው አይቷት ይሆናል። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ወርዶ አውቶቡሱ ሲቆም፣ በመስኮቱ ሥር ቆሎ ወደ ላይ ከሚዘረጉት ሴቶች አንዷ ነበረች። ሌሊት ተነስታ ትቆላለች። መጀመሪያ ጥቂት ፍሬ ገብስ ምጣዱ ላይ ጣል አድርጋ ጆሮዋን ታዘነብላለች፤ ድምፁ ደስ ካላላት እሳቱን ትቀንሳለች። ሱፉን የምትቀላቅለው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በዚህ ቆሎ ልጆቿን አስተማረች፤ እኔን ባሕር ማዶ አሻገረች።

ባረፈች ዕለት ታሪኳን የሚጽፈው ሰው ደወለልኝ። መቼ ተወለደች? አላውቅም። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ነው፤ የእናቶቻችንን ልደት የመዘገበ ቀበሌ የለም፣ መዝገቡ እነሱ ራሳቸው ናቸው። የእናቷ ስም ማን ነው? አላውቅም። ስንት ወለደች? ሰባት አልኩ። ካህኑ ደግሞ ለፍትሐቱ የክርስትና ስሟን ይፈልጋሉ ተባልኩ። ዝም አልኩ። ስሟን የነገረቻቸው ሃምሳ ዓመት አብራት ቆሎ የሸጠች ጎረቤቷ ናት።

ሃያ ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ደውያለሁ። "ደህና ነሽ? ገንዘቡ ደረሰሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ?" ከዚህ ያለፈ ነገር አልጠየቅኳትም። እናንተም እንደዚያው ናችሁ፤ መኪና እየነዳችሁ ስትደውሉ እሰማችኋለሁ። ከዚያ ስልኩን ለልጃችሁ ትሰጡታላችሁ። አያቱ "በላህ ወይ፣ የእኔ ጌታ?" ትላለች። ልጁ የሚመልስበት ቋንቋ ስለሌለው ስልኩን ይመልስላችኋል፤ እናንተም ትስቃላችሁ። ምን ያስቃል? በዚያኛው ጫፍ ያለችው ሴት የልጅ ልጇን ድምፅ ሳትሰማ ስልኩን ዘጋች።

የቀረውን ከጎረቤቷ ሰማሁ። ሚያዝያ 1928 የጣሊያን ጦር በጣርማ በር በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ እናቴ ገና ጡት አልጣለችም ነበር፤ አያቴ አዝላት ቆላ ወርዳለች። ዕድሜዋን ያወቅኩት ከዚህ ነው። በ1965 የወሎ ረሃብተኞች በዚያ መንገድ ሲመጡ፣ ለገበያ የቆላችውን በእፍኝ በእፍኝ አድላ ባዶ ቁና ይዛ ገብታለች። የወለደችውም ስምንት ነው። አገራችን ልጅ ከሞተ በኋላ ለሚወለደው ካሳ፣ ምትክ፣ ማስረሻ ብሎ ስም ያወጣል። ከእነዚህ አንዱ የእኔ ስም ነው። ይህን ስም ይዤ ተማርኩ፣ ፓስፖርት አወጣሁ፣ ልጆቼን በእሱ አስጠራሁ፤ የማን ምትክ እንደሆንኩ ግን እናቴን ጠይቄያት አላውቅም። ሴት ልጅ ነበረች አለችኝ ጎረቤቷ። በሁለት ዓመቷ ኩፍኝ ወሰዳት። እናቴ በስሜ ስትጠራኝ ያቺን ልጅ ታስብ ነበር ይሆን? የሚመልስልኝ የለም።

እናት ያላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬ ጀምሩ። "ስለ ሕይወትሽ ንገሪኝ" አትበሏት፤ "ምን ሕይወት አለኝ" ብላ ትዘጋዋለች። ከዕቃና ከሰው ጀምሩ። ቆሎ መቁላት ያስተማረሽ ማን ነው? እኔን ስትወልጂ ያዋለደችሽ ማን ናት? ከሠርግሽ ቀን ምን ትዝ ይልሻል? የእናትሽ እናት ማን ትባላለች? የእኔን ስም ማን አወጣው፣ ለምን? ቡና ሲፈላ ደውሉ፤ ጎረቤት ስላለ አንዷ የዘለለችውን ሌላዋ ታነሳለች። ድምፁን ቅዱት። ስታለቅስ ወሬ አትለውጡ። ልጃችሁንም አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ አንዱን ጥያቄ በአማርኛ አስጠንታችሁ እሱ ይጠይቃት።

4. እናታችሁ ያረፈች ደግሞ ጎረቤቷን፣ የማኅበር ጓደኛዋን፣ የእድሯን ጸሐፊ ፈልጉ። የእናቴ ጎረቤት ዓይኗ ደክሟል፤ ሰው የምትለየው በድምፅ ነው። ባለፈው ዓመት ቡናና ስኳር ይዤ ሄጄ ሁለት ቀን ቀዳኋት። ለጥምቀት እመለሳለሁ ብያታለሁ፤ ስለ እህቴ የጀመረችውን አልጨረሰችልኝም።