«ይማርዎት» ልበላቸው ወይስ ዝም ልበል? የሆስፒስ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በአንድ ሆስፒስ (የማይድን በሽታ ያለባቸውን ሰዎች በመጨረሻ ጊዜያቸው የሚንከባከብ አገልግሎት) በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ተመዝግቤ ሥልጠናዬን ጨርሻለሁ። አሁን አማርኛ ብቻ ወደሚናገሩ አንዲት እናት ሊልኩኝ ነው። እንደማይድኑ እያወቅኩ «እግዚአብሔር ይማርዎት» ልበላቸው? ወይስ ዝም ብዬ ልቀመጥ? እናቴ ደግሞ «ምን ሟርት ትጎትቺብናለሽ» ብላ ተቆጥታኛለች። *የጨነቃት*

መልስ፦ የኔ እህት፣ «ይማርዎት» በያቸው። ምን ችግር አለው? ምርቃት ነው እንጂ የሐኪም ውጤት አይደለም። እሳቸውም በጤናቸው ጊዜ የስንቱን አልጋ ዳር ቆመው ብለውታል።

ጭንቁ ከዚያ በኋላ ነው። እኛ በሽተኛ የምንጠይቀው በቡድን ነው። ብርቱካንና ጭማቂ በፌስታል ይዘን እንገባለን፣ «እንዴት ዋሉ» እንላለን፣ ከዚያ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ምንዛሪው፣ ስለ እከሌ ልጅ ሰርግ እርስ በርሳችን እንቀጥላለን፤ በሽተኛው ግድግዳውን እያየ ይሰማናል። ቤት በሰው ሲሞላ ለቤተሰቡ ብርታት ነው፣ ይሄን አልክድም። ግን ባለቤቱን ማን አነጋገረው? በጎ ፈቃደኛ ሆነሽ ስትሄጂ ወሬ የሚያቀብልሽ ሌላ ጠያቂ የለም። ብቻሽን ነሽ። የግድ ፊታቸውን አይተሽ እሳቸውን ታናግሪያለሽ። እኔም እንዲህ ያሉ ቤቶች ለዓመታት ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ከሁሉም የከበደኝ ይሄው ነበር፣ ከሁሉም የጠቀመኝም ይሄው።

ስለ ሞት ያወሩኛል ብለሽ ከሆነ የፈራሽው፣ እኔ እንዳየሁት ብዙዎቹ አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ተኳረፉት ወንድማቸው፣ አገር ቤት ስላለው ቤትና ስለ ተከራዩ፣ ስላላገባችው የመጨረሻ ልጅ ነው። አንዳንዴ ደግሞ «እዚህ እንዳትቀብሩኝ» ይመጣል። ይሄን ሲሉሽ «ኧረ እማማ፣ ገና ይድናሉ!» እንዳትያቸው። አፋቸውን ዘጋሽው ማለት ነው። «ለልጆችዎ ነግረዋቸዋል?» ብለሽ ጠይቂ። አስከሬን አገር ቤት መላክ ወጪም ወረቀትም የሚጠይቅ ጉዳይ ስለሆነ፣ እሳቸው ከፈቀዱልሽ ለሆስፒሱ ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ) አስታውቂ።

አሁን ወደ ምግብ እንምጣ፤ የኛ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ፍቅራችን በጉርሻ ነው። ልጅየዋ አጥሚት ይዛ «አንዴ ብቻ፣ በሞቴ» ስትል ታያታለሽ። ሰውነት ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ግን ምግብ መፈለጉን ይተዋል። ሰውየው የሚደክመው ስላልበላ ብቻ አይደለም፤ ሰውነቱ እየተዘጋጋ ስለሆነ ነው የማይበላው። መዋጥ ሲያቅት ደግሞ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ነርሷ ካልፈቀደች አታጉርሺ። ጸበልም ቢሆን በኩባያ አይሆንም፣ ከንፈር ማርጠብ ይበቃል። ቡና መጠጣት የተዉ እናት ግን ሲቆላ ሽታው ደስ ሊላቸው ይችላልና ልጅየዋን ጠይቂያት። (ኦክስጅን ካለ ቆዪ! እሳት አጠገቡ አይቀርብም። ሌላ ክፍል ቆልታ ታምጣላቸው።)

አማርኛሽን ደግሞ አትናቂው። አሜሪካ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩ፣ እንግሊዝኛ አሳምረው የሚናገሩ ሰዎች እንኳ፣ በተለይ የመርሳት ችግር ካለባቸው፣ ወደ አፍ መፍቻቸው ይመለሳሉ። ያኔ ነርሷ «ምን አሉ?» ብላ ወደ አንቺ ትዞራለች።

መልስ መስጠት ሲያቆሙም ማናገርሽን አታቁሚ። ቫንኩቨር ውስጥ በአንድ ሆስፒስ ተሠርቶ በ2020 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የታተመ ጥናት፣ ራሳቸውን ከሳቱ በኋላ የአንዳንድ ታካሚዎች አንጎል ለድምፅ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳይቷል። የተባለውን ይረዱታል ማለት አይደለም፣ ግን ለጥንቃቄ በቂ ነው። ስለ ውርስና ስለ ድንኳን የሚነሳ ክርክር ካለ ሳሎን ይሁን።

ለእናትሽ አንቺ እዚያ ስትቀመጪ የበሽተኛዋ ልጅ ሁለት ሰዓት እንቅልፍ እንደምታገኝ ንገሪያት። እሷም አስታማ ታውቅ ይሆናል፣ ይገባታል።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ጡረተኛ። እውነቱን ልናገርና ይሄ ነገር የፈረንጅ ይመስለኛል። ዘመድ አለን፣ እድር አለን። ባዕድ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ያለች ሰው አጠገብ ምን ይሠራል? *ጋሼ ነኝ*

መልስ፦ ጋሼ፣ ስለ ዘመዱ ልክ ብለዋል። እድሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን ይዞ የሚመጣው ሰውየው ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ወራት አንዲት ሚስት ወይም አንዲት ልጅ ጫንቃ ላይ ናቸው። ቀን ሥራ፣ ሌሊት ማገላበጥ። ዘመድም ቢሆን ሁሌ አይመችም፤ ለልጃቸው የማይነግሩትን ለባዕድ የሚነግሩ አሉ፣ ምክንያቱም ባዕዱ አያለቅስም፣ አይጣላም፣ ውርስም አይጠብቅም።

ዘመናዊው ሆስፒስ የተጀመረው ለንደን ነው፣ እውነት ነው። ሲስሊ ሳንደርስ የምትባል፣ መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥላ ሶሻል ወርከር፣ በመጨረሻ ሐኪም የሆነች ሴት በ1967 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሴንት ክሪስቶፈር የተባለውን ሆስፒስ ከፈተች። የሰው ሥቃይ የሥጋ ብቻ አይደለም፣ የኑሮም የመንፈስም ነው ትል ነበር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) የሚከፍላቸው ሆስፒሶች ለታካሚ እንክብካቤ ከሚውለው የሠራተኛ ሰዓት ቢያንስ 5 በመቶ የሚያህለውን በበጎ ፈቃደኞች እንዲሸፍኑ ይገደዳሉ። እርስዎ ከተማም ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ አለ፤ ነርሶቹ በሽተኛው ቤት ድረስ ይሄዳሉ። ስለዚህ ፈረንጅ ብቻ ነው ለማለት ትንሽ ዘግይተዋል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ልጆቹ «ካንሰር መሆኑን ለአባታችን እንዳትነግር» ብለውኛል። ሰውየው ግን ባለፈው «ልጄ፣ በሽታዬ ምንድነው?» አሉኝ። ሳል አስመስዬ ወጣሁ። *ሳሉ ያላለቀለት*

መልስ፦ አትንገራቸው፤ ግን ደግሞ አትዋሻቸው። ምርመራ መንገር ያንተ ሥራ አይደለም። «እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» ብለህ መልሰህ ጠይቃቸው፤ ብዙዎቹ ያውቁታል፣ ሌላ ሰው ማወቁን ነው የሚፈትሹት። ሆስፒስ ለመግባት ታማሚው ወይም ወኪሉ መፈረም አለበት፤ ምናልባት ልጆቹ ፈርመው ይሆናል። ለማንኛውም የጠየቁህን ዛሬውኑ ለነርሷ ንገራት። ከልጆቹ ጋር መነጋገር የእሷና የሶሻል ወርከሩ ድርሻ ነው። እስከዚያው ግን ሰውየው ድጋሚ ሊጠይቁህ ይችላሉና ሌላ ሳል አታዘጋጅ፤ «ይሄን የምታውቀው ነርሷ ናት፣ እንድትመጣ ልንገርልዎት?» በላቸው።