ካርታው አረንጓዴ ነው፤ ጎተራውስ?

በሳተላይት ምስል ሰብል የምትከታተሉ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ባልደረባዬ ላፕቶፑን አቅፎ ቢሮዬ ገባ። ከሐዋሳ ወደ ቆላው የሚወርዱትን ወረዳዎች ከሳተላይት ምስል የተሠራ ካርታ አሳየኝ፤ ዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። «ጋሼ፣ ዘንድሮ የሚያሰጋ ነገር የለም» አለ። ዝም ብዬ አየሁት። በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ይህንኑ ጽፌ ፈርሜበታለሁና።

ያኔ በቦርቻ በኩል ያሉ ቀበሌዎች በአረንጓዴነት ከብዙ ዓመት አማካይ በልጠው ይታዩኝ ነበር። ከወንበሬ ሳልነሣ «የሰብሉ ሁኔታ ጥሩ ነው» ብዬ ሪፖርቱን ላክሁ። ሦስት ሳምንት ቆይቼ ለሌላ ጉዳይ ስወርድ አንዲት እናት ማሳ ዳር ቆምኩ። በቆሎው ከራሴ በላይ ነው። «እማማ፣ እንዴት ያምራል!» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። አንድ ራስ ሸልቅቀው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ቆረቆንዳው ላይ ፍሬው እዚህ አንድ እዚያ አንድ ነው፤ ስቆጥረው 11 ሆነ። «ልጄ፣ አገዳ ይበላል እንዴ?» አሉኝ።

ለካ በቆሎው ጸጉር በሚያወጣበት ሰሞን ዝናቡ ቀጥ ብሎ ነበር። በዚያ ወቅት ውኃ ያጣ በቆሎ በቅጡ ፍሬ አይቋጥርም፤ ዝናቡ ተመልሶ ቢመጣ እንኳ የሚለመልመው ቅጠሉ ነው። ማስተካከያ ጽፌ ላክሁ፤ ግን የተረጂዎች ቁጥር ተዘግቶ ነበር። በዚያ ዓመት ወደዚያ ቀበሌ መሄድ ከብዶኝ ነበር።

ሳተላይቱ አልዋሸኝም። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጠዋል፤ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ደግሞ መልሶ ይረጨዋል። የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው አካፍለን ኤንዲቪአይ እንለዋለን። ይህ ቁጥር ስለ ቅጠል ይነግረናል እንጂ ስለ ፍሬ አያውቅም።

የማን ቅጠል እንደሆነም አያውቅም። ለዓመታት የሠራንበት፣ ሞዲስ የተባለው የሳተላይት መሣሪያ የሚያነሣው ምስል አንዱ ነጥብ 250 ሜትር በ250 ሜትር ነው። ጥማዱን ሩብ ሄክታር ብንል፣ 25 ጥማድ በአንድ ነጥብ ይጠቀለላል ማለት ነው። በሲዳማ 25 ጥማድ ውስጥ የማይገኝ ምን አለ? እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጫቱ፣ የባሕር ዛፉ አጥር። በቆሎው ቢደርቅ እነሱ አረንጓዴ ሆነው ይሸፍኑለታል። ሴንቲኔል 2 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ነጥቡን ወደ 10 ሜትር ስላወረደው አሁን አንዱ ጥማድ 25 ነጥብ አለው፤ እናንተ ታድላችኋል። ግን በክረምት ደመናው ሲከመር በየ5 ቀኑ የሚመጣው ምስል ነጭ ጥጥ ብቻ ይሆናል። ያኔ ደመና የማያግደውን የሴንቲኔል 1 ራዳር ፈልጉ፤ ማንበቡ ያስቸግራል፣ ግን ልመዱት።

በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ከሸፈ በኋላ በዚሁ በደቡብ የሆነውን ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ዘግይቶ ዝናብ ጣለ፤ አገሩ ሁሉ ለመለመ፤ ሕፃናት ግን በረሃብ ከስተው ነበር። «አረንጓዴ ረሃብ» የሚለው ስም የተለመደው እንዲህ ካለው ጊዜ ነው።

ሳተላይት ጥሉት እያልኩ አይደለም፤ እንጀራዬም ነው። ከ1977ቱ እልቂት በኋላ ፊውስ ኔት የተባለው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ የተቋቋመው ወሬው ዘግይቶ ስለሚደርስ ነበር። ላንድሳት በነፃ የተለቀቀው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ለአንድ ምስል ገንዘብ ስንለምን ኖረናል። የራሳችን ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ሲመጥቅ ደግሞ በጠዋት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ፣ ቤት ያሉት ልጆቼ እየሳቁብኝ፣ እንባዬ መጥቷል።

ካርታውን ከመላካችሁ በፊት ግን ለቀበሌው ዲኤ፣ ለግብርና ልማት ሠራተኛው፣ ደውሉ። መቼ እንደተዘራ ጠይቁት፤ በቆሎው ያለበትን ደረጃ ሳታውቁ የዝናቡን መጠን ብቻ ብታወሩ ዋጋ የለውም። ገበያ ውጡ፤ የበቆሎ ዋጋ በመኸር ሰሞን ካልወረደ ጠርጥሩ። ከሁሉ በላይ እኔን የሚያስደነግጠኝ ያልደረሰ እንሰት እየተነቀለ ሲፋቅ ማየት ነው። ለመድረስ ዓመታት የሚፈጀውን እንሰት ያለ ጊዜው የሚፍቅ ቤት ሌላ የሚበላው አልቆበታል። ያ ምልክት በየትኛውም ምስል ላይ አላገኘሁትም፤ እንዲያውም እንሰቱ ሲነሣ ሥሩ የበቀለው ሣር ለሳተላይቱ ለምለም ይመስለዋል።

ልጁንም አልተቆጣሁትም። ሐሙስ አብረን እንወርዳለን። በዚያ ነጭ ጫማው እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ፤ መንገዱ ጭቃ ነው።