«እግርሽ ለሥራው አይመችም» ተብዬ ሥራ ተከለከልኩ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ፣ ሕርማታ አካባቢ ነው። በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። በልጅነቴ አንድ እግሬ ስለተጎዳ በክራንች ነው የምሄደው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ማስታወቂያ ሲያወጣ ተወዳደርኩ። በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ ወጣሁ። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ስለ ሒሳብ የጠየቀኝ የለም። «ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም፤ እግርሽ ለሥራው አይመችም» አሉኝ። በድምር ውጤት በትንሽ ነጥብ ተበልጬ ሌላ ሰው ተቀጠረ። ቤተሰቦቼ «ተይው፣ ከመንግሥት ጋር ክርክር አይበጅሽም» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትተይው። ቤተሰቦችሽ አስበውልሽ ነው፤ ጉዳይሽ ግን እነሱ እንደሚፈሩት ደካማ አይደለም።

መጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 568/2000ን እወቂው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከት ሕግ ነው። አካል ጉዳተኛ ለቦታው የሚጠየቀውን ካሟላ፣ የሥራው ጠባይ ካልከለከለ በቀር፣ ያለ መድልዎ ተወዳድሮ የመቀጠር መብት አለው ይላል። «የሥራው ጠባይ» የምትለዋን ልብ በያት። ሒሳብ መሥራት እግር አይጠይቅም። ደረጃው የሕንፃው ጠባይ እንጂ የሥራው አይደለም።

እንዲያውም የሊፍቱ ነገር ወደ ራሳቸው ይዞራል። ይኸው አዋጅ አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ቦታውን በተመጣጣኝ መንገድ እንዲያመቻች ግዴታ ይጥልበታል። ያንቺን ጠረጴዛ ታች ግራውንድ ላይ ማድረግ ምን ይከብዳል? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መንቀሳቀሻ እንዲኖራቸው ካዘዘ ቆይቷል። የእነሱን ጉድለት አንቺ እንድትከፍይ መደረጉ በእውነት ያሳዝነኛል።

«በምን ታስረጂያለሽ?» ይሉሽ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ568 መሠረት አካል ጉዳተኛ በቅጥር ላይ መድልዎ ደረሰብኝ ብሎ አቤት ሲል የማስረዳት ሸክሙ በእሱ ላይ አይወድቅም። አሠሪው ነው መድልዎ አለመፈጸሙን ማሳየት ያለበት። ቢሆንም ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን የጽሑፍ ውጤት አሁኑኑ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ ነገ ሊነሳ ይችላል። የቃለ መጠይቁ ነጥብ በምን መስፈርት እንደተሰጠ በጽሑፍ ጠይቂ። በጽሑፍ አንደኛ የወጣ ሰው በቃል የወረደው ለምን እንደሆነ ፈታኞቹ ያብራሩ።

ሴት መሆንሽም ይታያል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች ከቆየው የልዩነት ታሪክ የተነሳ የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ እንዲሆኑ ፈቅዷል። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የ1999ኙ አዋጅ 515 ሴቶችና አካል ጉዳተኞች እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጡ ቅድሚያ ይሰጣቸው ብሎ ነበር። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ተተክቷል፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጠሽ አቤቱታሽ ላይ አትጻፊ። መሥሪያ ቤቱ የፌዴራል ከሆነ የፌዴራሉ፣ የክልል ወይም የከተማ ከሆነ የኦሮሚያ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው የሚገዛው። ይህን አስቀድመሽ ለዪ።

አቤቱታሽን ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጽፈሽ አስገቢ፤ ግልባጩ ላይ ገቢ ማኅተም ሳይመታ አትውጪ። መልስ ከነፈጉሽ እንደየሁኔታው ወደ ሲቪል ሰርቪስ አካሉ ትሄጃለሽ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጅማ ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ ያለ ክፍያ ያይልሻል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ጠበቃ ለማቆም ገንዘብ የለኝም ብለሽ አትቅሪ። ደግሞ አትዘግዪ፤ የቅሬታ ጊዜ አጭር ነው።

አቤቱታው ላይ «እግርሽ አይመችም» ያሉሽን እንዳለ፣ ቀኑንና የተናገረውን ሰው የሥራ ድርሻ ጨምረሽ ጻፊው። አታለስልሺው።