የዋጋ ማውጫና የነጋዴው ዋጋ፦ ለሳንቲም ሰብሳቢዎች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን ከአንባቢዎች የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ። ሰብሳቢው የዋጋ ማውጫ አገላብጦ ወደ ነጋዴ ይሄዳል፤ እዚያ የሚጠራለት ዋጋ ግን ካነበበው ጋር አይገናኝም። አንዳንዱ ተታለልሁ ይላል፣ ሌላው ማውጫውን ይወቅሳል። በእኔ እምነት ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው፣ ማውጫው ስለ የትኛው ሳንቲምና ስለ የትኛው ገበያ እንደሚናገር ሳይጣራ ቁጥሩ ብቻ ስለሚነበብ ነው።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የምኖር ጀማሪ ሰብሳቢ ነኝ። በ1881 ሳን ፍራንሲስኮ የተመታ ሞርጋን ዶላር (የድሮ የአሜሪካ የብር ዶላር) «ቀዩ መጽሐፍ» በሚባለው የአሜሪካ ሳንቲሞች የዋጋ ማውጫ ላይ ካለው ዋጋ በታች አግኝቼ በደስታ ገዛሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ለሌላ ነጋዴ ልሸጠው ብጠይቅ ከከፈልሁት እጅግ ያነሰ ሰጠኝ። ያታለለኝ የትኛው ነው?

መልስ፦ ከጻፉልኝ ብቻ ተነሥቼ አንዳቸውም አታለሉዎት ለማለት አልደፍርም። በአሜሪካ ገበያ አንድ ሳንቲም ቢያንስ ሦስት ዋጋ አለው፤ ለሦስቱም የተለያየ ማውጫ አለ። በፈረንጆቹ ከ1946 ጀምሮ የሚታተመው ቀዩ መጽሐፍ የሚያሳየው ሰብሳቢ ከነጋዴ ሲገዛ የሚጠየቀውን የችርቻሮ ዋጋ ነው። የዚሁ አሳታሚ ሰማያዊ መጽሐፍ ደግሞ ነጋዴ ከሕዝብ ሲገዛ የሚከፍለውን ግምት ይዟል። ነጋዴዎች እርስ በርስ ሲገበያዩ የሚያዩት ከ1963 ጀምሮ የሚወጣውን፣ «ግሬይሺት» ተብሎ የሚጠራውን ዝርዝር ነው። እርስዎ በቀዩ ገዝተው ወደ ሰማያዊው ሄዱ ማለት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የነጋዴው የሱቅ ኪራይና ትርፍ ነው። ስለዚህ ከቀዩ መጽሐፍ ዋጋ በታች መግዛት ብቻውን ርካሽ መግዛት አይደለም፤ ብዙ ተራ ሳንቲሞች አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ይሸጣሉ።

ሌላም ነገር አለ። በዓመት አንድ ጊዜ የሚታተም መጽሐፍ በየቀኑ የሚለዋወጠውን የብር ማዕድን ዋጋ ሊከተል አይችልም። ሞርጋን ዶላር 26.73 ግራም ይመዝናል፣ ከመቶ 90 እጁ ብር ነው፤ በውስጡ 24 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለው። ያረጀና በብዛት የሚገኝ ዓመት ከሆነ ዋጋውን የሚወስነው በአብዛኛው ይህ ነው። ገበያ ያልወጣ ንጹሕ ሳንቲም ሲሆን ግን ከ1 እስከ 70 በሚሄደው የይዞታ ደረጃ መለኪያ የአንድ ነጥብ ልዩነት፣ ለምሳሌ በ64 እና በ65 መካከል ያለው፣ ዋጋውን ብዙ እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። የሳን ፍራንሲስኮው የ1881 ዶላር በጥሩ ይዞታ በብዛት የሚገኝ ስለሆነ፣ ከፍ ያለ ዋጋ ከመክፈልዎ በፊት እንደ ፒሲጂኤስ ወይም ኤንጂሲ ባለ ደረጃ ሰጪ ድርጅት ታሽጎ መሆኑን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ነጋዴ ፊት ማውጫ ገልጦ መከራከር ነውር ይሆን?

መልስ፦ ምንም ነውር የለበትም። ይሁን እንጂ ዋጋ ከማንሳትዎ በፊት «ይህን ሳንቲም በስንተኛ ደረጃ ነው የቆጠሩት?» ብለው ይጠይቁ። በደረጃው ካልተስማማችሁ ሁለታችሁም የምታነቡት የተለያየ ዓምድ ስለሆነ ክርክሩ ማለቂያ አይኖረውም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ካሉት ሱቆች በአንዱ የ1889 የምኒልክ ብር አየሁ። ባለ ሱቁ በዓለም የሳንቲም ማውጫ ላይ ያለውን ዋጋ በስልኩ አሳየኝና ከዚያ አልወርድም አለ። ፎቶውን ልኬአለሁ፤ ልግዛው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ባለ ሱቁ ያሳየዎት መስመር የዚህ ሳንቲም መሆኑን ያረጋግጡ። በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፱ ተብሎ የተጻፈው ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ በፈረንጆቹ 1896 እና 1897 ላይ ይውላል፤ ማውጫዎቹም ሁለቱንም ይጽፋሉ። የ1887ቱ ብር ከ1889ኙ በጣም ባነሰ ቁጥር ስለተመታ ዋጋቸው የተራራቀ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻዋ ቁጥር ፯ ትሁን ፱ በማጉያ መነጽር አይቶ መለየት ያስፈልጋል። አንበሳው ያነሣው የፊት እግር የግራ ይሁን የቀኝ እንዲሁ ይታይ፤ በማውጫው ውስጥ ሁለቱ በተለያየ ቁጥር የተመዘገቡ ናቸው።

ወደ ፎቶው ስመለስ ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በላይ፣ በጠርዙ ላይ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጠቆር ያለች እብጠት ትታያለች። ይህች የብየዳ ምልክት ትመስለኛለች። በአገራችን ጠገራ ብርና የምኒልክ ብር ቀለበት እየተበየደላቸው በአንገት ይንጠለጠሉ ስለነበር፣ በኋላ ቀለበቱ ቢነቀልም ጠባሳው ይቀራል። በማውጫው ላይ ያሉት ዋጋዎች ሁሉ ጉዳት ላልደረሰበት ሳንቲም የተሰጡ ናቸው፤ ለተበየደ፣ ለተበሳ ወይም ለተፈተገ ሳንቲም ዓምድ የላቸውም። ጣትዎን በጠርዙ ላይ ቀስ አድርገው ያዙሩ፤ አንድ ቦታ ላይ ከሌላው ተለይቶ ለስላሳ ሆኖ ከተሰማዎት ባለ ሱቁ የጠራው ዋጋ ለዚህ ሳንቲም አይሠራም።

መፈተጉም ያው ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አንድ የምኒልክ አላድ (ግማሽ ብር) ነጭ ሆኖ ሲያብረቀርቅ አይቼ ማውጫው ለከፍተኛ ደረጃ ያስቀመጠውን ዋጋ ከፈልሁ። ቤት ገብቼ ከመብራት ሥር ዘንበል ሳደርገው በአንበሳው ዙሪያ ባለው ሜዳ ላይ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ፀጉር የመሰሉ ጭረቶች ታዩኝ። ሰው ሊያስውበው ብሎ ፈትጎታል፤ ያ ጭረት ደግሞ አይጠፋም። ዛሬም አላዱን በያዝሁ ቁጥር ያሳዝነኛል፤ ጠቁሮ ቢተው ኖሮ ውብ ነበር። ስለዚህ የጠቆረ ብር አይናቁ፣ ነጭ የሆነውንም ሳይመረምሩ አይመኑ።

ጥያቄ፦ በ1780 የተመታ የማርያ ቴሬዛ ብር «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው» ተብሎ በውድ ተሰጠኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ዓመቱ ዕድሜውን አይናገርም። እቴጌይቱ የሞቱት በ1780 ስለሆነ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷል፤ ቪየና ብቻ ሳትሆን ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይ ጭምር በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መትተውታል። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ የብሩ ጥራት ከሺህ 833 ስለሆነ በውስጡ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር አለ፤ ይህን በዕለቱ የግራም ዋጋ ያባዙና የሚያገኙትን መነሻ ያድርጉ። ነጋዴው ከዚያ በጣም የራቀ ዋጋ ከጠየቀ፣ በየትኛው ማምረቻ መቼ እንደተመታ በምን እንደለየው ያስረዳዎት። አባቶቻችን ጠገራ ብር ሲቀበሉ በእቴጌይቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቁ እየቆጠሩ ነበር፤ እኛም ሚዛን ይዘን ብንሄድ አይከፋም።

ጥያቄ፦ በበይነ መረብ ገበያ የ1936 ሃያ አምስት ሳንቲም በብዙ መቶ ዶላር ተለጥፎ አየሁ። ቤቴ ውስጥ ስድስት አሉኝ፤ ሀብታም ሆንሁ ማለት ነው?

መልስ፦ የተለጠፈ ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው፤ መታየት ያለበት በእርግጥ የተሸጠበት ዋጋ ነው። በገበያው ላይ «የተሸጡ» የሚለውን መርጠው ይፈልጉ፤ የትልልቅ ጨረታ ቤቶች ያለፈ ሽያጭ ማኅደርም ጥሩ ነው፣ ሆኖም እዚያ የሚታየው ዋጋ በአብዛኛው የገዢውን ተጨማሪ ክፍያ ያካተተ መሆኑን አይርሱ። የእርስዎዎቹን በተመለከተ ጠርዛቸውን ይዩ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ይህ የመዳብ ሳንቲም መጀመሪያ ክብ ሆኖ ነው የወጣው፤ መጠኑ ከብር ከተሠራው ሃምሳ ሳንቲም ጋር ስለተቀራረበና ብር እየተቀባ ስላታለለ በኋላ ጠርዙ ሞገድ እንዲሆን ተደረገ፣ ዓመቱ ግን በእኛ አቆጣጠር 1936 እንደተባለ ቀረ። ሞገድ ጠርዝ ያለው በየቤቱ ሞልቷል፤ የሚፈለገው ክቡ ነው።

ጥያቄ፦ የአክሱም ዘመን የነሐስ ሳንቲም ከአንድ ሰው አግኝቼ ዋሽንግተን ላለው ወንድሜ ልልክለት አስቤ ነበር። ማውጫው ዋጋውን ያሳያል፤ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ይህን በማውጫ አይመልከቱት። በእኛ አቆጣጠር በ1992 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል፤ የአክሱም ነገሥታት ያስመቱት ሳንቲም ደግሞ ቅርስ ለመሆኑ ጥያቄ የለውም። ሰውየው ሳንቲሙን ከየት እንዳገኘው በግልጽ ይንገርዎት፤ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ከሆነ አይግዙት፣ ጉዳዩንም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቁ።